የተለያየ ዘመን ሯጮች ንጽጽር (ኢትዮጵያ)

የተለያየ ዘመን ሯጮች ንጽጽር ማለት በአንድ ውድድር ተገናኝተው የማያውቁ፣ ወይም አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ብቻ የተገናኙ አትሌቶችን «ማን ይበልጣል?» ብሎ መመዘን ነው። በኢትዮጵያ ጥያቄው በአብዛኛው የሚነሣው ስለ ረጅም ርቀት ሯጮች ነው። ከወንዶች አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ በላይነህ ዲንሳሞ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ፣ ከሴቶች ደራርቱ ቱሉ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ አልማዝ አያናና ለተሰንበት ግደይ ስማቸው ተደጋግሞ ይጠራል። «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» የሚለው ክርክር ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናቀቀው ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ሲያሸንፍ ነው።

ንጽጽሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው መረጃ ማነሱ አይደለም፤ ሰዓቱም ሜዳሊያውም በደንብ ተመዝግቧል። የሚያስቸግረው እያንዳንዱ መለኪያ ከሯጩ ጋር አብሮ ዘመኑንም መለካቱ ነው። ከዚህ በታች አራት መለኪያዎች ይታያሉ፦ ሰዓት፣ ሜዳሊያ፣ ሯጩ ከዘመኑ ሰዎች የራቀበት መጠንና የፊት ለፊት ግንኙነት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓት ሲጻፍ 2:12:11.2 ማለት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ነው።

ጥያቄው በቦክስ

የዚህ ዓይነቱ ክርክር በዓለም ደረጃ በጣም የታወቀው በከባድ ሚዛን ቦክስ ነው። ጃክ ዴምፕሲ፣ ጆ ሉዊስ፣ ሮኪ ማርሲያኖና መሐመድ አሊ ሁሉም የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ፤ ነገር ግን የነገሡበት ዘመን ስለተለያየ ማን ማንን ያሸንፍ እንደነበር በቀለበቱ ውስጥ ማየት አይቻልም። በ1967 መሪ ዎሮነር የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅ ጥያቄውን ለኮምፒዩተር ሰጠው። የ16 ከባድ ሚዛን ቦክሰኞች መረጃ ኤንሲአር 315 በተባለ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ ማሽኑ ያወጣው ውጤት እንደ እውነተኛ ግጥሚያ በሬዲዮ ተላለፈ። በፍጻሜው ማርሲያኖ ዴምፕሲን «አሸነፈ»። አሊ ደግሞ ከ1899 እስከ 1905 ሻምፒዮን በነበረው በጂም ጄፍሪስ «ተሸነፈ»፤ ነገሩ አስቆጥቶት ክስ መሠረተ።

ከዚያ በኋላ አሊና ማርሲያኖ ራሳቸው በካሜራ ፊት ብዙ ዙር እየተጋጠሙ የተቀረጹበት ፊልም ተሠርቶ በጥር 1970 ታየ። በፊልሙ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን በዝረራ ይጥለዋል። ማርሲያኖ ግን ፊልሙን አላየውም፤ ነሐሴ 31 ቀን 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ነበር።

ኮምፒዩተር ለሚያጠና ሰው ይህ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማሽኑ ስለ አሊና ስለ ጄፍሪስ በራሱ ያወቀው ነገር አልነበረም። ስለ ቡጢ ኃይል፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ጽናት ሰዎች የሰጡትን ግምት ተቀብሎ አባዝቶና ደምሮ መለሰላቸው። ግምቱ ሲቀየር አሸናፊውም ይቀየራል። ሩጫ ከቦክስ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ሰዓት መኖሩ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ክርክሩ በሰዓት ያልቃል ብሎ ያስባል።

ሰዓት የሚለውና የማይለው

አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን 2:12:11.2 ገብቶ በዘመኑ ከተሮጡት ማራቶኖች ሁሉ ፈጣኑን ሮጠ። ትግስት አሰፋ በ2023 በበርሊን የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር 2:11:53 ገባች። በሰዓት ብቻ ከተሄደ ትግስት ከአበበ በ18 ሰከንድ ትቀድማለች። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ከዚህ ተነሥቶ «አበበ ዛሬ ቢኖር ተራ ሯጭ ይሆን ነበር» የሚል ካለ ግን ሰዓቱ ያልተናገረውን እያናገረው ነው።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ27:42.69 አሸነፈ። ሰሎሞን ባረጋ ከ41 ዓመት በኋላ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያንኑ ወርቅ ሲወስድ የገባው በ27:43.22 ነው፤ ከምሩጽ በግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ። ሰሎሞን በዚያ ምሽት ያሸነፈው የወቅቱን የክብረ ወሰን ባለቤት ኡጋንዳዊውን ጆሹዋ ቼፕቴጌን ነበር። ሙቀትና ወበቅ ነበር፤ ሯጮቹም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ውድድሩን ለመጨረሻዎቹ ዙሮች አቆይተውታል። በ2024 በፓሪስ ደግሞ ቼፕቴጌ 26:43.14 ገብቶ አሸነፈ፤ ከምሩጽ በአንድ ደቂቃ ገደማ የፈጠነ ነው። በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና አሯሯጭ ስለሌለ ሯጩ የሚሮጠው ለመቅደም እንጂ ለሰዓት አይደለም። ስለዚህ የፍጻሜ ውድድርን ሰዓት ከፍጻሜ ውድድር ሰዓት ጋር ማስተያየት ብዙ አያስኬድም።

ሰዓቱን ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ ከፍታ ነው። ይህን የጎጃም አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የ1968 ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በ200 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እዚያ የ10,000 ሜትር ወርቅ የተገኘው በ29:27.4 ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ በ28:24.4 ነበር። ሯጮቹ በአራት ዓመት ውስጥ በአንድ ደቂቃ አልሰነፉም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ማሞ ወልዴም ያንን ማራቶን ያሸነፈው በ2:20:26.4 ሲሆን፣ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በስምንት ደቂቃ የዘገየ ነው። ሆኖም ማሞ ሁለተኛውን በሦስት ደቂቃ በልጦት ነበር። በዚሁ ምክንያት በደብረ ማርቆስ ወይም በአዲስ አበባ የተመዘገበ የ10,000 ሜትር ሰዓት በሆላንድ ሄንግሎ ከተመዘገበ ሰዓት ጋር እንዲሁ አይነጻጸርም። ኢትዮጵያ በ2021 የቶኪዮ ማጣሪያዋን ሄንግሎ ድረስ ሄዳ ያካሄደችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የሚሮጥበት መሬት ነው። እስከ 1964 ድረስ የኦሊምፒክ መም ከተፈጨ የድንጋይ ከሰል ቅሪት ወይም ከመሰል ነገር የተሠራ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ይላቁጣል፣ ሲሮጥበት ይጎደጎዳል። ላስቲክ መሰሉ ሰው ሠራሽ መም በኦሊምፒክ የገባው በ1968 ነው።

ሦስተኛው ጫማ ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጋግረው እሱ ነው። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2:15:16.2 ገባ። ከ2017 ወዲህ ለገበያ የቀረቡት ጫማዎች በወፍራም ለስላሳ ሶላቸው ውስጥ ቀጭን የካርቦን ንጣፍ አላቸው፤ እግር መሬት ሲረግጥ የሚጠፋውን ጉልበት በከፊል ይመልሳሉ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ የተነሣ ነው። ቀነኒሳ በ2019 በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጦ ከወቅቱ ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ የዘገየው በዚህ የጫማ ዘመን ነው።

አራተኛው አሯሯጭ ነው። ኃይሌና ቀነኒሳ ክብረ ወሰን ሲሰብሩ ለተወሰኑ ዙሮች የሚመሩላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላ ሯጩ ብቻውን ከሰዓት ጋር ይቀራል። በ2020 ደግሞ በመሙ ጠርዝ ላይ በታቀደው ፍጥነት የሚሄድ መብራት መጣ። ቼፕቴጌ በጥቅምት 2020 በቫሌንሲያ 10,000 ሜትርን በ26:11.00 ሲሮጥ እስከ መጨረሻው ሜትር ድረስ መብራቱ አብሮት ነበር። ቀነኒሳ በ2005 በብራስልስ የሮጠው 26:17.53 ያለ መብራትና ያለ አዲሱ ጫማ ለ15 ዓመት ቆይቶ በ6.53 ሰከንድ ብቻ ነው የተሰበረው።

ሜዳሊያ

ሰዓት ካላስኬደ ወርቅ እንቁጠር የሚል ይኖራል። በእርግጥ ሜዳሊያ የተሻለ መለኪያ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ መም፣ በአንድ አየር ውስጥ ይሮጣልና። ነገር ግን ሜዳሊያ የሚገኘው ከተሄደ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ኦሊምፒክ አልተገኘችም። የመጀመሪያው አድማ የአፍሪካ አገሮች የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ በጎበኘው የኒው ዚላንድ ራግቢ ቡድን የተነሣ ያደረጉት ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከቀዝቃዛው ጦርነት አሰላለፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። በ12 ዓመት ውስጥ ከነበሩት አራት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ የተገኘችው በሞስኮ ብቻ ነው። የአንድ ሯጭ ጥሩ ዕድሜ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይረዝምም።

ከሁሉም በላይ የተጎዳው ምሩጽ ይመስለኛል። በ1972 በሙኒክ 10,000 ሜትር ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አገኘ፤ 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 በሞንትሪያል መሮጥ አልቻለም። በ1977 በዱሰልዶርፍና በ1979 በሞንትሪያል በተካሄዱት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ፤ አራት ውድድር፣ አራት ድል። በመጨረሻ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። የተወለደው በ1944 ነው የሚለው መዝገብ ትክክል ከሆነ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው ዙር ድንገት ተፈትልኮ ስለሚወጣ «ማርሽ ቀያሪው» ተብሎ የተጠራው ምሩጽ በ5,000ም በ10,000ም የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ አያውቅም፤ ሰዓት ብቻ የሚያይ ሰው ስሙን ከሰንጠረዡ ላያገኘው ይችላል። ሜዳሊያ የሚቆጥር ደግሞ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ብቻ ያያል። ሁለቱም መለኪያዎች ያሳንሱታል።

ይህ ሲባል ግን አድማው ሌሎቹንም እንደነካ መርሳት አይገባም። ወደ ሞስኮ ያልሄዱ አገሮች ነበሩ፤ ኬንያ አንዷ ናት። በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1976ም በ1980ም በአገሩ አድማ ምክንያት ቀርቶ ኦሊምፒክ ሮጦ አያውቅም። ምሩጽ በሞስኮ ሮኖን ቢያገኘው ምን ይሆን እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም።

በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑ ለአሥር ዓመት ማለትም እስከ መስከረም 1998 ጸና። በዚያው በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ ግን የዓለም ፈጣኑ ሰው በቦታው አልነበረም። ወርቁን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 ወሰደ።

ከዘመን ጓደኛ መራቅ

ሦስተኛው መለኪያ ሯጩን ሌላ ዘመን ላይ ካለ ሰው ጋር ከማጋጠም ይልቅ «ከዘመኑ ሰዎች በምን ያህል ራቀ?» ብሎ ይጠይቃል። መሙ፣ ጫማውና ሥልጠናው ለሁሉም የዘመኑ ሰው ተመሳሳይ ስለሆነ ከሒሳቡ ይወጣል። በዚህ መለኪያ ሲታዩ ነገሮች መልካቸውን ይቀይራሉ።

የአበበን ሁለት ድሎች እንይ። በሮም ያሻሻለው የቀድሞው ምርጥ ሰዓት 2:15:17 ነበር፤ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በታሪክ ግን በጣም የሚታወቀው ይኸኛው ነው፤ በባዶ እግር ስለሆነ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረች 25 ዓመት በኋላ በዋና ከተማዋ ስለሆነ። በሩጫ ሚዛን ግን የቶኪዮው እጅግ ይበልጣል። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት ሳለ የቀድሞውን 2:13:55 በ103.8 ሰከንድ ማለትም በ1.3 በመቶ ገደማ አሻሻለ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ቤሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የገባው። አበበ መስመሩን ሲረግጥ ሂትሊ ከ1.2 ኪሎ ሜትር በላይ ቀርቶት ነበር። የቀድሞው ምርጥ ሰዓት ባለቤትም ራሱ ሂትሊ ነበር። አበበ የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ ይህን ያደረጉት ዋልደማር ሲርፒንስኪና ኤሊውድ ኪፕቾጌ ብቻ ናቸው።

ኃይሌ ደግሞ ነሐሴ 16 ቀን 1995 በዙሪክ 5,000 ሜትርን በ12:44.39 ሮጠ። የቀድሞው ክብረ ወሰን 12:55.30 ነበር። በአንድ ምሽት 10.91 ሰከንድ ወይም 1.4 በመቶ ማለት ነው። በመቶኛ ሲታይ ከአበበ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም እኔ የኃይሌን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም በ1964 ማራቶን በየአገሩ ጥቂት ሰዎች የሚሮጡት፣ ሰዓቱም ገና ብዙ መሻሻል የሚቀረው ውድድር ነበር። በ1995 ግን 5,000 ሜትር ገንዘብ የሚከፈልበት፣ ኬንያውያን፣ ሞሮኳውያንና ኢትዮጵያውያን በየሳምንቱ የሚፋጩበት ርቀት ሆኖ ነበር። በተጠረገ መንገድ ላይ ርቆ መሄድና በተጨናነቀ ገበያ ውስጥ ርቆ መሄድ አንድ አይደሉም። ቀነኒሳ በ2004 ያንን ክብረ ወሰን 12:37.35 ሲያደርሰው የኃይሌን የመጨረሻ ሰዓት 12:39.36 ያሻሻለው በሁለት ሰከንድ ነው።

የዚህ መለኪያ ድካም ጥሩ ተፎካካሪ ያገኘን ሰው መቅጣቱ ነው። ኃይሌ በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የበለጠው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ 27:18.20 ለ27:18.29። ልዩነቱ ስላነሰ ሩጫው አነሰ የሚል ያንን ውድድር ያላየ ሰው መሆን አለበት።

ፊት ለፊት፣ እና የመረቡ ጉዳይ

ኃይሌና ቀነኒሳ ከሌሎቹ የሚለዩት በእርግጥ ስለተገናኙ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2003 በሄንግሎ ቀነኒሳ 26:53.70 ገብቶ ኃይሌን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። በዚያው ዓመት በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ 26:49.57፣ ኃይሌ 26:50.77፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆነው ኢትዮጵያ ሦስቱንም ሜዳሊያ ጠቀለለች። በ2004 በአቴንስ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። በ2008 በቤጂንግ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ስድስተኛ። በ2013 በእንግሊዝ ታላቁ የሰሜን ግማሽ ማራቶን ቀነኒሳ አንደኛ፣ ሞ ፋራህ ሁለተኛ፣ ኃይሌ ሦስተኛ።

በእነዚህ አምስት ውድድሮች አምስቱንም ቀነኒሳ ቀድሟል። ስለዚህ አለቀ? አላለቀም፤ ዕድሜያቸው ይታይ። በመጀመሪያው ግንኙነት ቀነኒሳ 20 ኃይሌ 30፣ በመጨረሻው ቀነኒሳ 31 ኃይሌ 40 ነበሩ። የ24 ዓመቱ ኃይሌ ከ24 ዓመቱ ቀነኒሳ ጋር አልተገናኘም። በቤጂንግ ስድስተኛ የወጣው የ35 ዓመቱ ኃይሌ የገባው በ27:06.68 ነው። በ1996 በአትላንታ ወርቅ ያገኘበት ሰዓት 27:07.34 ነበር። ከድሉ ሰዓት ፈጥኖ ሮጦ ስድስተኛ ሆነ።

በሻምፒዮናዎች ደግሞ ሁለቱ በሚገርም ሁኔታ እኩል ናቸው። ኃይሌ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮናን በ1993፣ 1995፣ 1997 እና 1999፣ ኦሊምፒክን በ1996 እና 2000 አሸነፈ። ቀነኒሳ የዓለም ሻምፒዮናን በ2003፣ 2005፣ 2007 እና 2009፣ ኦሊምፒክን በ2004 እና 2008 አሸነፈ። ስድስት ለስድስት፣ ሁለቱም በተከታታይ። በሰባተኛውም ሁለቱም ተሸነፉ፤ ኃይሌ በ2001 በኤድመንተን ሦስተኛ ሆነ፣ ቀነኒሳ በ2011 በዴጉ አቋርጦ ወጣ።

የሚለያዩት ከ10,000 ሜትር ውጭ ነው። ቀነኒሳ በቤጂንግና በ2009 በበርሊን 5,000 ሜትሩንም ደርቧል፤ በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች 11 የግል ወርቅ አለው። ኃይሌ በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች ያገኘው ትልቁ የግል ውጤት በ1994 ነሐስ ነው። በሌላ በኩል ኃይሌ በ1999 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1,500 እና 3,000 ሜትርን በአንድ ላይ አሸንፎ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ2008 ማራቶንን በ2:03:59 ሮጦ ክብረ ወሰን ይዟል። ጥያቄው «በ10,000 ሜትር ማን?» ከሆነ ለቀነኒሳ የሚያደላው ማስረጃ ይበዛል፤ «ከ1,500 እስከ ማራቶን ማን?» ከሆነ ኃይሌ ይቀድማል። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚመልሱም ጭምር ነው።

ያልተገናኙትንስ? እዚህ ላይ ከቼዝ የመጣ ዘዴ አለ። አርፓድ ኢሎ የተባሉ በሃንጋሪ የተወለዱ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር የቀመሩትን የነጥብ አሰጣጥ የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1970 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ጠንካራን ያሸነፈ ብዙ ነጥብ፣ ደካማን ያሸነፈ ጥቂት ነጥብ ያገኛል። ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ደግሞ ሐን ካሸነፈ፣ ሀና ሐ ባይገናኙም ግምት ይሰጣል። ሯጮቹን በወረቀት ላይ እንደ ነጥብ፣ የተገናኙበትን ውድድር ነጥቦቹን እንደሚያያይዝ መስመር አድርገን ብንስል መረብ ይወጣል። ዘዴው የሚሠራው መረቡ ካልተቆረጠ ብቻ ነው። ሁለት የተነጣጠሉ መረቦች ካሉ በአንዱ ውስጥ ያለ ሰው በሌላው ውስጥ ካለው በምን እንደሚበልጥ ቀመሩ ሊያውቅ አይችልም።

የምሩጽ መስመር ወደ ሙኒክ ይወስዳል። በ1972 ፊንላንዳዊው ላሴ ቪሬን ወድቆ ተነሥቶ በ27:38.35 ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ ምሩጽ በ27:40.96 ሦስተኛ ነበር። በሞስኮ ቪሬን አምስተኛ ሲወጣ ምሩጽ አንደኛ ሆነ። ስምንት ዓመት፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት መስመር። ከዚያ ወደ ኃይሌ ዘመን ሲታለፍ ግን የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ መስመር ከ1980 እስከ 1992 ባዶ ነው። መረቡን ጨርሶ እንዳይቆረጥ ያደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ነው። ኢትዮጵያውያን በ1981 በማድሪድ ሲሮጡ አንድ ዙር እየቀረ ያለቀ መስሏቸው በሙሉ ኃይላቸው ፈጥነው ነበር፤ መሐመድ ከድር እንደዚያም ሆኖ ሁለተኛ ወጣ። በ1982 ራሱ መሐመድ፣ በ1983 በቀለ ደበሌ አሸነፉ።

የአበበና የማሞ መስመር ደግሞ መስመር ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ያሳያል። በ1968 በሜክሲኮ ማራቶን ማሞ አሸነፈ፣ አበበ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። መዝገቡ «ማሞ አበበን አሸነፈ» ይላል፤ አበበ ግን በእግሩ ጉዳት ነበረበት። ቀመር ይህን ካልነገሩት አያውቀውም፤ ከነገሩት ደግሞ ወደ ዎሮነር ኮምፒዩተር፣ ወደ ሰው ግምት እንመለሳለን።

ሴቶች

በሴቶች ታሪኩ አጭር ነው። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1984፣ 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 ስለሆነ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ31:06.02 ስታሸንፍ ውድድሩ ገና ሁለተኛው ነበር። በ2000 በሲድኒ ደግማ ስታሸንፍ 30:17.49 ገባች። ከእርሷ በፊት ይህን ርቀት በኦሊምፒክ አሸንፋ መንገድ ያሳየቻት ኢትዮጵያዊት አልነበረችም፤ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ግን እርሷን አይተዋል። ይህን የሚለካ ሰዓት የለም።

ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ 5,000ንና 10,000ን፣ በለንደን 10,000ን አሸንፋ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። በ2016 በሪዮ አልማዝ አያና በ29:17.45 ስትገባ ለ23 ዓመት የቆየውን የቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያ ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ሰበረች። በዚያው ውድድር ጥሩነሽ 29:42.56 ገብታ በሕይወቷ ፈጣኑን 10,000 ሜትር ሮጠች፤ ያገኘችው ግን ነሐስ ነው። ወርቅ ያገኘችባቸው ሁለቱም ሩጫዎች ከዚህ የዘገዩ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ክብረ ወሰን ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። የጥሩነሽ የ5,000 ሜትር 14:11.15 ከ2008 ጀምሮ 12 ዓመት ቆይቶ ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ በ14:06.62 ሰበረችው፤ ቼፕቴጌ በሮጠበት በዚያው ምሽት፣ በዚያው መብራት። በሰኔ 2021 በሄንግሎ በኢትዮጵያ ማጣሪያ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:01.03 ስትሮጥ ደግሞ የሰበረችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው መም ያስመዘገበችውን ነው። ጉዳፍ ፀጋይ በ2023 የ5,000 ሜትሩን ወደ 14:00.21 አወረደችው። ሁለቱንም ርቀቶች አሁን የያዘችው ኬንያዊቷ ቤያትሪስ ቼቤት ናት፤ 10,000ን በ2024 በ28:54.14፣ 5,000ን በ2025 በ13:58.06።